«ዝም ብለሽ ፈርሚበት»፦ ስለ ኑክሌር ጣቢያና ስለ ጥራት ሥራ ለጠየቃችሁኝ

ባለፈው ዕትም በአንዲት መስመር፣ የሥራ ዕድሜዬን በአሜሪካ የኑክሌር ኃይል ጣቢያዎች የጥራት ማረጋገጥ መሐንዲስ ሆኜ እንደጨረስኩ ጠቅሼ ነበር። ከዚያ ወዲህ ስለ ሌላ ነገር የሚጠይቀኝ ጠፋ። ምክንያቱ ይገባኛል። መንግሥት በመስከረም 2018 ከሩሲያው የመንግሥት የኑክሌር ድርጅት ከሮሳቶም ጋር የኑክሌር ጣቢያ ለመገንባት የድርጊት መርሐ ግብር ከተፈራረመ ጀምሮ፣ አዳማ ውስጥ ማኪያቶ የያዘ ሁሉ የኑክሌር ባለሙያ ሆኗል። እንግዲያው የዚህ ወር ገጽ ለዚሁ ይሁን። ደብዳቤዎቻችሁን አሳጥሬያቸዋለሁ። ስማችሁን ትቼዋለሁ።

ጥያቄ፦ እትዬ፣ በአዳማ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ የአራተኛ ዓመት የመካኒካል ምሕንድስና ተማሪ ነኝ። ኑክሌር አገራችን ከገባ እዚያ መሥራት እፈልጋለሁ። ግን የኑክሌር ፊዚክስ አልተማርኩም። እርስዎ በትክክል ምን ነበር የሚሠሩት?

መልስ፦ ልጄ፣ እኔም አልተማርኩም። ሰው ኑክሌር ሲባል አቶም ይታየዋል። እዚያ ግቢ ስትገባ ግን የምታየው ቧንቧ፣ ኮንክሪት፣ ፌሮ፣ ኬብል፣ ፓምፕ፣ ቫልቭና ቡሎን ነው። የጀመርኩት መዝገብ ክፍል ውስጥ ወረቀት በመደርደር ነው። ማታ ኮሌጅ እማራለሁ፣ ቀን የብየዳ ፋይል አገላብጣለሁ። ከዚያ የፋይል ገምጋሚ፣ ቀጥሎ የሥራ ቦታ ተቆጣጣሪ፣ በመጨረሻ የኦዲት ቡድን መሪ ሆንኩ።

ሁለቱን ሥራዎች ሰው ያምታታቸዋል። ኢንስፔክተር ዕቃውን ያያል። የጥራት ማረጋገጥ ሰው ዕቃው የመጣበትን መንገድ ያያል። ንድፉን ከነዳፊው ሌላ መሐንዲስ አይቶታል ወይ? ብረቱ ከየት ተገዛ? መለኪያው መቼ ካሊብሬት ተደረገ፣ ማለትም ልክነቱ መቼ ተረጋገጠ? የፈተሸው ሰው ራሱ የሠራው እንዳይሆን? አሜሪካኖች ይህን ሁሉ በ1970 እ.ኤ.አ. በ18 መስፈርቶች ጽፈው ሕግ አደረጉት። «አፔንዲክስ ቢ» ይባላል። ጥቂት ገጽ ናት። ዕድሜዬን በሙሉ ከእሷ አልወጣሁም። ንድፍ፣ ግዥ፣ የሥራ መመሪያ፣ ፍተሻ፣ የመለኪያ መሣሪያ፣ የጎደለ ዕቃ አያያዝ፣ መዝገብ፣ ኦዲት። ከ18ቱ አንዱም የአቶም ቀመር አይጠይቅህም። ሲሚንቶ ፋብሪካ ብትወስደውም ይሠራል።

ስለዚህ ፊዚክሱን ለጊዜው ተወው። የብረታ ብረት ትምህርትህን በደንብ ያዝ። ዕቃ ሳይሰበር የሚፈተሽባቸውን ዘዴዎች ተማር፤ በድምፅ ሞገድ፣ በራጅ፣ በቀለም፣ በማግኔት። ይህ ሙያ ሦስት ደረጃ አለው። ሁለተኛው ላይ የደረሰ ሰው ውጤት አንብቦ የመፈረም ሥልጣን አለው፤ ሥራም አያጣም። በየዓመቱ የቅርብ ዕይታህን ትፈተናለህ። ደቃቁን ፊደል ማንበብ ካቃተህ መነጽር እስክታደርግ ምንም አትፈርምም። ከዚህ ሌላ፣ አጭርና ግልጽ ዓረፍተ ነገር መጻፍ ተለማመድ። «አንዳንድ ችግሮች ታይተዋል» ብሎ ሪፖርት የሚጽፍ መሐንዲስ ስንቱን አድክሞኛል!

ጥያቄ፦ ፍራንኮ አካባቢ ብየዳ ቤት አለኝ። በር፣ መስኮት፣ አጥር፣ የውኃ ታንከር ማስቀመጫ እሠራለሁ። ብየዳዬን በዓይኔ አይቼ ጥሩ መሆኑን አውቃለሁ። እናንተ እንዴት ነው የምታውቁት?

መልስ፦ ከደረሱኝ ሁሉ ደስ ያለኝ ጥያቄ ይሄ ነው። ወንድሜ፣ ዓይን መጀመሪያ ነው፤ ግን አይበቃም። እኛ ጋ በያጁ እሳት ሳይለኩስ ግማሹ ሥራ አልቋል።

ከብረቱ ልነሣ። ብረት በፋብሪካ ሲቀልጥ ለዚያ ቅልጥ ቁጥር ይሰጠዋል። ቁጥሩ ላሜራው ላይ ይመታል። አብሮት የሚመጣው ሰርተፊኬት ውስጡ ምን ያህል ካርቦን፣ ምን ያህል ማንጋኒዝ እንዳለ፣ ስንት ጉልበት ላይ እንደተበጠሰ ይናገራል። ላሜራውን ለሁለት ልትቆርጥ ነው እንበል። ከመቁረጥህ በፊት ቁጥሩን ወደ ሁለተኛው ቁራጭ ታሻግራለህ። ረስተህ ቆረጥክ? ቁጥር የሌለው ቁራጭ ከዚያው ላሜራ እንደወጣ ዓይንህ እያየ እንኳ ለዋናው ሥራ አይገባም። አዲስ ሠራተኞች በዚህ በጣም ይናደዱ ነበር።

ቀጥሎ ሰውየው። እያንዳንዱ በያጅ የራሱ መለያ ቁጥር አለው፤ ከብየዳው ጎን ይመታል ወይም ይመዘገባል። የተፈተነበት አቀማመጥ አለ፤ ጠፍጣፋ ላይ የተፈተነ ከራሱ በላይ ያለውን አይበይድም። በዚያ የብየዳ ዓይነት ስድስት ወር ሳይሠራ ከቆየ ፈቃዱ ይወድቃል። ሠላሳ ዓመት የበየደ ሽማግሌም ቢሆን ቁጭ ብሎ እንደገና ይፈተናል።

ከዚያ ኤሌክትሮዱ። 7018 የሚባለውን ታውቀዋለህ። እርጥበት አይወድም። እርጥበቱ በቅስቱ ሙቀት ሃይድሮጅን ይሆንና ብረቱ ውስጥ ይገባል። ብየዳው ዛሬ ያምራል፤ ነገ ወይም ከነገ ወዲያ ከሥሩ ይሰነጠቃል። ስለዚህ ፓኮው ከተከፈተ በኋላ ኤሌክትሮዱ ምድጃ ውስጥ፣ 120 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ገደማ ሙቀት ላይ ይቀመጣል። በያጁ ተቆጥሮለት በፊርማ ይወስዳል። የተረፈውን በሰዓቱ ይመልሳል። ለበርና ለመስኮት የምትጠቀመው 6013 ይህን ያህል አይቀብጥም። ለታንከር ማስቀመጫ ግን ልብ በል። ውኃ ያለበት ታንከር ስንት ቶን እንደሚመዝን አንተ ታውቃለህ። ኤሌክትሮድህን ቢያንስ ከሲሚንቶ ወለል ላይ አንሣው፤ በተለይ በክረምት።

ብየዳው ሲጀመር የማቆሚያ ነጥቦች አሉ። የመጀመሪያው ሥር ከተበየደ በኋላ፣ ለምሳሌ፣ ሥራ ይቆማል። ብየዳው ይጸዳል፣ ቀይ ቀለም ይቀባል፣ ይጠረጋል፣ ነጭ ዱቄት ይነፋበታል። ስንጥቅ ካለ ቀዩ ተመልሶ ብቅ ይላል። ኢንስፔክተሩ ካልፈረመ ቀጣዩ ንብርብር አይበየድም። ማንም ይቸኩል፣ አይበየድም።

በመጨረሻ ብየዳው ራጅ ይነሣል። አብዛኛውን ጊዜ በሌሊት ነው፤ ሰው ከአካባቢው ይወጣል፣ ገመድ ይወጠራል። ጨረሩ የሚመጣው ኢሪዲየም 192 ከሚባል ነገር ነው። ኃይሉ በየ74 ቀኑ በግማሽ ይቀንሳል፤ ስለዚህ ፊልሙ የሚቆይበት ጊዜ በየጊዜው ይሰላል። ብየዳው ላይ ቀጫጭን ሽቦዎች ይቀመጣሉ። ፊልሙ ላይ የተወሰነችዋ ቀጭን ሽቦ ካልታየች ፊልሙ ራሱ ይጣላል። እሷን ያላሳየ ፊልም ስንጥቅን ያሳያል ብለህ እንዴት ታምነዋለህ?

እዚህ ላይ አንድ ታሪክ ልንገርህ። የቧንቧ አቅራቢ ድርጅት ነው፤ ስሙ ይቅር። ፊልሞቹን በጨለማ ክፍል እያየሁ ሁለት የተለያየ ቁጥር ያላቸው ብየዳዎች አንድ ዓይነት ሆነው አገኘኋቸው። የብየዳ መልክ እንደ ጣት አሻራ ነው፤ የሁለት ብየዳ መልክ አይገጥምም። የፊልሙ ባለሙያ አንዱን ጥሩ ብየዳ ደጋግሞ አንሥቶ ቁጥሩን ብቻ ቀይሯል። ከዚያ ቦታ የመጣ ፊልም ሁሉ እንደገና እንዲነሣ ታዘዘ። ወራት ፈጀ። ሲነሣ ምን ተገኘ? ብየዳዎቹ ከሞላ ጎደል ሁሉም ደህና ነበሩ። በያጆቹ የረባ ጥፋት አልነበረባቸውም። ሰውየው በሌሊት፣ በዚያ ብርድ፣ መሰላል ላይ መውጣት ሰልችቶት ነው። ያን ያህል ገንዘብ የፈሰሰው ጥሩ ብየዳን ጥሩ ነው ለማለት ነው።

ጥያቄ፦ እትዬ፣ አዳማ ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ የጥራት ተቆጣጣሪ ነኝ። መኪናው ሊጭን በር ላይ ሲቆም አለቃዬ «ዝም ብለሽ ፈርሚበት፣ ነገ እናስተካክላለን» ይለኛል። ጥሩ ሰው ነው፤ የቀጠረኝም እሱ ነው። እምቢ ማለት ይከብደኛል።

መልስ፦ የእኔ እህት፣ መጀመሪያ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። አለቃሽ የምርት ክፍሉም አለቃ ነው? ከሆነ ችግሩ ከአንቺ ድፍረት አይደለም። አደረጃጀቱ ነው የተበላሸው። ቅድም የጠቀስኳት አፔንዲክስ ቢ ገና በመጀመሪያው መስፈርት የምትለው ይህን ነው። ጥራት የሚያረጋግጥ ሰው ችግር ለማውጣት በቂ ሥልጣን ይኑረው፤ ከወጪና ከጊዜ ሰሌዳ ጫናም ነፃ ይሁን። ከአሜሪካ አምጥቼ ልጭንብሽ አይደለም። የሚፈርመውን ሰው የሚያጣድፈው ሰው ከቀጠረው፣ የትም አገር ውጤቱ ያው ነው።

አደረጃጀቱን ዛሬ መለወጥ አትችይም። ይህን ግን ትችያለሽ፤ «እምቢ» አትበይ። ጻፊ። የሚጠበቀው ይህ ነበር፣ ያገኘሁት ይህ ነው፣ ከዚህ ናሙና ይህን ያህሉ። አስተያየት አትጨምሪ። እኛ የጉድለት ሪፖርት እንለዋለን። ከዚያ ለዕቃው አራት መውጫ አለ፦ እንዳለ ይለፍ፣ ይጠገን፣ እንደገና ይሠራ፣ ይጣል። «እንዳለ ይለፍ» የሚለው ነውር የለውም። ብዙ ጊዜ ትክክለኛው ውሳኔ እሱ ነው። ግን የሚወስነው ሰው ምክንያቱን ጽፎ በራሱ ስም ይፈርማል። ወረቀቱን ለአለቃሽ አቅርቢለትና «ምክንያቱን እዚህ ጋ ይሙሉልኝ» በይው፤ በትሕትና። በእኔ ልምድ፣ ብዙ አለቃ ያቺን ባዶ መስመር ሲያይ መኪናው ትንሽ ቢቆም ግድ የለም ይላል።

ይሉኝታው እንደሚብስ አውቃለሁ። እኔንም ገጥሞኛል። አንድ የሀገራችን ልጅ ፎርማን ነበር፤ የምወደው ሰው። የእሱ ቡድን የተጠቀመበት ቶርክ ሬንች፣ ቡሎን በተለካ ጉልበት የሚያጠብቀው መፍቻ፣ የካሊብሬሽን ቀኑ አልፏል። «የሀገር ልጅ አይደለሽም እንዴ? የትናንት ቀን አድርጊበት» አለኝ፤ በአማርኛ፣ ፈረንጆቹ እንዳይሰሙ። አልፈረምኩም። አብሬው ወደ መሣሪያ ክፍል ሄድኩና ሬንቹ እዚያው ተፈተሸ። ከልኩ ወጥቷል። እንዲህ ሲሆን ደንቡ፣ ሬንቹ ለመጨረሻ ጊዜ ደህና ከተባለበት ቀን ወዲህ ያጠበቀው ቡሎን ሁሉ ይታያል። የፎርማኑ ሰዎች ሁለት ቅዳሜ ያን ሲያጠብቁ ዋሉ። እሱ እስከ እንቁጣጣሽ አኮረፈኝ። ለበዓሉ ዶሮ ሠርቼ በባለቤቱ በኩል አስጠራሁት፤ መጣ፣ በላ። ስለ ሬንቹ አንድ ቃል አልተነጋገርንም።

አለቃሽ «ወረቀት ነው እኮ» ካለሽ፣ ሁለት ታሪክ ንገሪው። በኦሃዮ ዚመር የሚባል ጣቢያ ነበር። 97 በመቶ አልቋል ተብሎ ነበር። የብየዳና የዕቃ መዝገቡ ግን ሊታመን አልቻለም። በ1984 እ.ኤ.አ. ባለቤቶቹ ኑክሌሩን ትተው ወደ ድንጋይ ከሰል ጣቢያ ሊለውጡት ወሰኑ። ሁለተኛው የደቡብ ኮሪያ ነው። በ2012 እ.ኤ.አ. በሐሰተኛ የጥራት ሰርተፊኬት የገቡ ዕቃዎች ተገኙና ሁለት ሬአክተሮች፣ ማለትም የኑክሌር ማብሰያዎች፣ ቆሙ። በቀጣዩ ዓመት ደግሞ የኬብል ፈተና ውጤት መጭበርበሩ ተደርሶበት ሌሎችም ቆሙ፤ ብዙ ሰው ተከሰሰ። ኮሪያ ነው የምልሽ፣ በዚህ ሥራ የተካነ አገር።

ጥያቄ፦ ጨረሩ ጤናዎን አልጎዳዎትም?

መልስ፦ አልጎዳኝም። ደረት ላይ የምትለጠፍ መለኪያ አለች፤ የተቀበልሽውን ሁሉ ትቆጥራለች። የአሜሪካ ሕግ ለሠራተኛ በዓመት እስከ 50 ሚሊሲቨርት (የጨረር መጠን መለኪያ ነው) ይፈቅዳል። ብዙ አገሮች በአማካይ 20 ላይ ያቆማሉ። ማንም ሰው ከአፈር፣ ከድንጋይና ከሰማይ በዓመት በአማካይ 2.4 ገደማ ይቀበላል። የእኔ ሥራ በአብዛኛው ነዳጅ ከመግባቱ በፊት ግንባታ ላይ፣ ከዚያም ወረቀት ክፍል ስለነበረ ከፈቃዱ አጠገብም አልደረስኩም። ያመመኝ ወገቤን ነው፤ ከወንበሩ።

ጥያቄ፦ ልጄ፣ ቆቃ ግድብ ሲሠራ በዓይኔ ያየሁ ሰው ነኝ። አሁን ትልቁ ግድብ አለን። ንፋሱም ደጃችን ይሽከረከራል። ኑክሌር ለምን አስፈለገ? ደግሞስ እንችለዋለን?

መልስ፦ አባቴ፣ ዕድሜ ይስጥልኝ። ቆቃ በ1960 እ.ኤ.አ. ሥራ ሲጀምር 43 ሜጋ ዋት ነበር። የአዳማ ንፋስ ሁለቱ ተደምረው 204 ናቸው። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 የተመረቀው ታላቁ ግድብ 5,150 ነው። የሚያስፈልግ መሆን አለመሆኑን የኢኮኖሚ ሰዎች ይከራከሩበት። ውኃም ንፋስም የሰማይን ፊት ያያሉ፤ ኑክሌር ዝናብ ቀረ ብሎ አይቆምም። ለእሱ የሚቀርበው ትልቁ ክርክር ይሄ ነው፤ ተራ ክርክር አይደለም።

«እንችለዋለን?» ለሚለው የራሴን ልናገር። ለጣቢያው ሳይሆን አሁን ላለን ነገር ነው የማስበው። ጨረር አመንጪ ነገር አገራችን ውስጥ ዛሬም አለ። ቃሊቲ የቆላ ዝንብ ወንዶቹ የሚመከኑት በኮባልት 60 ነው። ካንሰር የሚታከምበት አለ። መንገድ ሲሠራ አፈሩ መጠቅጠቁን የሚለኩበት ቢጫ ሣጥን ውስጥም ትንሽ አለች። የእያንዳንዷ ሣጥን መዝገብ ዛሬ የት እንዳለች፣ ማን ፈርሞ እንደወሰዳት፣ ስታረጅ የት እንደምትሄድ መናገር አለበት። በ1987 እ.ኤ.አ. ብራዚል፣ ጎያኒያ ከተማ፣ የተተወ ክሊኒክ ውስጥ የቀረ የሕክምና መሣሪያ ነበር። ብረት ለቃሚዎች ወስደው ፈቱት። ውስጡ ያለው ሲዚየም 137 በጨለማ ሰማያዊ ያበራል፤ ሰው ተገርሞ ተከፋፈለው። አራት ሰው ሞተ። እኛ ጋም ቁራሌው በየሰፈሩ ይዞራል።

ዓለም አቀፉ የአቶሚክ ኃይል ኤጀንሲ ለጀማሪ አገር 19 ጉዳዮችን ዘርዝሯል፤ ሕግ፣ ተቆጣጣሪ፣ የሰው ኃይል፣ የኤሌክትሪክ መስመር፣ ቆሻሻ፣ ወዘተ። ከ10 እስከ 15 ዓመት ይወስዳል ይላል። ኤምሬቶች ገንዘቡ እያላቸው እንኳ በ2009 እ.ኤ.አ. ውል ፈርመው የመጀመሪያው የባራካ ጣቢያ ሬአክተር ለንግድ ሥራ የበቃው በ2021 እ.ኤ.አ. ነው። ግብፅ በ2022 እ.ኤ.አ. ኮንክሪት መሙላት ጀምራለች፤ ገና እየሠራች ነው። ስለዚህ ከ19ኙ አንዱን አስቀድም ብባል ተቆጣጣሪውን አስቀድማለሁ። ሚኒስትር ደውሎ «አፋጥኑት» ሲለው «ሪፖርቱ አላለቀም» ብሎ ስልኩን የሚዘጋ መሥሪያ ቤት። እሱ ካለን እንችለዋለን። ከሌለን ግንበኛው ሩሲያም ይሁን ኮሪያ ልዩነት የለውም።

ጥያቄ፦ በዚህ ሙያ ከሰሙት ጥፋት ሁሉ የሚያስገርመው የቱ ነው?

መልስ፦ ሻማው። በ1975 እ.ኤ.አ. አላባማ ውስጥ በብራውንስ ፌሪ ጣቢያ ሠራተኞች በኬብል ቀዳዳ አየር መሹለኩን የሚፈትሹት በሻማ ነበር። ነበልባሉ ከዘነበለ አየር አለ ማለት ነው። ቀዳዳውን የደፈኑበት ስፖንጅ ተቀጣጠለ። ከ1,600 በላይ ኬብል ተቃጠለ፤ እሳቱ ለሰዓታት ነደደ። ሬአክተሮቹ በደህና ቆሙ። ሻማውን ያልኩት በድብቅ የተደረገ ስላልሆነ ነው። የተለመደ አሠራር ነበር። የሚያውቅ ሁሉ ያውቀው ነበር።

ጥያቄ፦ ደሞዙ ደህና ነው? ለሴትስ አይከብድም?

መልስ፦ ልጆቼን አስተምሬበታለሁ፤ አዳማ ቤት ሠርቼበታለሁ። ለሴት መጀመሪያ ላይ የከበደኝ የደህንነት ጫማ ነው፤ በእግሬ ልክ አይገኝም ነበር። ሁለት ካልሲ ደርቤ ሠራሁ። የኦዲት መሪ ለመሆን ግን ወንድም ሴትም እኩል ይፈተናል። በሦስት ዓመት ውስጥ ቢያንስ አምስት ኦዲት ላይ መሳተፍ፣ ከዚያ ፈተና።

ስለ ኮንክሪት ናሙና የጻፉልኝ የግንባታ መሐንዲስ፣ ጥያቄዎን ለሚቀጥለው ወር አሳድሬዋለሁ። ናሙናው በ28 ቀኑ ለምን ከሚጠበቀው በታች እንደተሰበረ ከጻፉልኝ ብቻ መናገር አልችልም። የሲሚንቶውን ዓይነት፣ ኮንክሪቱ የተሞላበትን ቀንና ሰዓት፣ ናሙናዎቹ እስኪሰበሩ የት እንደተቀመጡ፣ ውኃ ውስጥ ነበሩ ወይስ ፀሐይ ላይ፣ ይላኩልኝ። የናሙና መስበሪያ ማሽኑ ካሊብሬሽን ወረቀት ፎቶም ካለ ይጨምሩ።